ፋየርዎሉ በርቶ ሳለ የተሰረዘው ዳታቤዝ፦ የኒውስብለርና የዶከር ጉዳይ

ዌብ አፕሊኬሽንን ዶከር ኮንቴይነር (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ለብቻው የሚያስኬድ ሳጥን) ውስጥ አስገብቶ፣ ከፊቱ ሪቨርስ ፕሮክሲ አቁሞ ማስኬድ ዛሬ የተለመደ አሠራር ነው። አፕሊኬሽኑ የተሠራበት መሣሪያ ጃንጎ ይሁን ላራቬል ወይም ኖድ፣ አካሄዱ ብዙም አይለያይም። ፕሮክሲው፣ ኢንጂንኤክስ ወይም ኤችኤፕሮክሲ፣ በ80 እና በ443 ፖርት (የኔትወርክ መግቢያ ቁጥር) ላይ ሆኖ ጥያቄውን ይቀበላል። አፕሊኬሽኑ ከኋላ ሆኖ ይመልሳል። ዳታቤዙ ደግሞ ከዚያም ኋላ ነው። ሥዕሉን ወረቀት ላይ ስታዩት፣ ማንም ሰው ዳታቤዙ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ፕሮክሲውን፣ ቀጥሎ አፕሊኬሽኑን ማለፍ ያለበት ይመስላል።

ሥዕሉና ሰርቨሩ ላይ ያለው እውነታ ግን ላይገናኙ ይችላሉ። ይህን በደንብ ካሳዩን ጉዳዮች አንዱ እ.ኤ.አ. በጁን 2021 መጨረሻ አካባቢ ኒውስብለር በሚባል አገልግሎት ላይ የደረሰው ነው። መሥራቹ ሳሙኤል ክሌይ የሆነውን ሁሉ በዝርዝር ጽፎ ለሕዝብ አወጣው። እንዲህ ያለ ነገር የሚደርስባቸው አብዛኞቹ አገልግሎቶች «የቴክኒክ ችግር አጋጥሞን ነበር» ብለው ያልፋሉ። እሱ የትኛው ፖርት እንደተከፈተ፣ ማን እንደከፈተው፣ ፋየርዎሉ ለምን እንዳላየው ሳይቀር ነገረን። ትልቅ ውለታ ነው። እኛም በተከራየናቸው ሰርቨሮች ላይ የምንጽፈው የዶከር ኮምፖዝ ፋይል (ኮንቴይነሮቹ እንዴት እንደሚነሱ የሚገልጸው) የሱን ስለሚመስል ጉዳዩን በደንብ ማየት ይገባናል።

ኒውስብለር አርኤስኤስ ማንበቢያ ነው። የምትከታተሏቸውን ድረ ገጾች አዳዲስ ጽሑፎች እየሰበሰበ በአንድ ቦታ ያቀርባል። ጎግል ሪደር በ2013 ሲዘጋ ብዙ ሰው ወደ እሱ ተሻግሯል። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ውስጡን ማንም ማየት ይችላል። አፕሊኬሽኑ በፓይተን ተጽፎ በጃንጎ ላይ ይሠራል። ከፊት ኤችኤፕሮክሲና ኢንጂንኤክስ አሉ። ከኋላ ያለው ማከማቻ አንድ አይደለም። የተጠቃሚዎች አካውንትና ማን ምን እንደሚከታተል የሚያሳየው መረጃ ፖስትግሬስ ውስጥ ነው። ጽሑፎቹና የትኛው ጽሑፍ እንደተነበበ የሚናገረው መዝገብ ሞንጎዲቢ ውስጥ ይቀመጣል። ሬዲስና ኢላስቲክሰርችም አሉ።

እነዚህ ሁሉ አንድ ማሽን ላይ የተቀመጡ አይደሉም። ዳታቤዞቹ የየራሳቸው ሰርቨር አላቸው፤ አፕሊኬሽኑም እንዲሁ። ይህን ያዙልኝ። መፍትሔ ስንመርጥ ነገሩን በጣም ይለውጠዋል።

ሰርቨሮቹን የሚጠብቀው ዩኤፍደብሊው ነበር። በኡቡንቱ ላይ ፋየርዎል ለማስተካከል ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት መሣሪያ ማለት ነው። ደንቡም ጥብቅ ነበር። ከኒውስብለር የራሱ ሰርቨሮች የመጣ ግንኙነት ይገባል፤ ሌላው ሁሉ ይከለከላል። ለዓመታትም በዚሁ ሲሠራ ቆይቷል።

የዝውውሩ ቀን

ክሌይ አጠቃላይ ሥርዓቱን ወደ ዶከር እያዛወረ ነበር። የሞንጎዲቢ ተራ ሲደርስ በዶከር የሚሠሩ አዳዲስ ሰርቨሮች አዘጋጀ። ሞንጎዲቢ አንድን መረጃ በብዙ ማሽኖች ላይ አባዝቶ መያዝ ይችላል። አንደኛው ዋና ይሆናል፣ ሌሎቹ ከእሱ እየቀዱ ይከተላሉ። ስለዚህ አገልግሎቱን ሳያቋርጡ ማዛወር ይቻላል። አዲሶቹን ማሽኖች በተከታይነት ታስገባላችሁ፤ መረጃው ሲሞላላቸው አንዱን ዋና ታደርጉታላችሁ፤ የድሮውን ትዘጋላችሁ። እሱም ይህንኑ አደረገ። የድሮውን ዋና ሰርቨር ዘጋው እንጂ አልሰረዘውም። ለመጠባበቂያ አስቀመጠው። ቀኑን ያተረፈው ይህ ውሳኔ ነው።

አዲሱ ዋና ሥራ ከጀመረ ሦስት ሰዓት አልፎት ሳለ የሞንጎዲቢ መረጃ በሙሉ ተሰረዘ። 250 ጊጋባይት ገደማ ነበር። በቦታው አንድ መልእክት ተቀመጠ። መረጃችሁ እኛ ጋ ነው፣ 0.03 ቢትኮይን ክፈሉ፣ 48 ሰዓት አላችሁ ይላል። ካልከፈላችሁ ይፋ እናወጣዋለን፣ በአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም እናስጠይቃችኋለን ብሎ ያስፈራራል። የተጠየቀው ገንዘብ በወቅቱ ምንዛሪ ወደ 1,000 ዶላር ይጠጋል። መጠኑ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ኒውስብለርን ለይቶ ያጠና ሰው ሥራ አይመስልም። ኢንተርኔቱን ቀን ከሌት እየቃኘ፣ ክፍት ዳታቤዝ ባገኘ ቁጥር አንድ ዓይነት መልእክት የሚተው ፕሮግራም ሥራ ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ከባድ ነው። መረጃው በእርግጥ ተወስዷል? ክሌይ ይህን የመለሰበት መንገድ ከጠቅላላው ታሪክ በጣም የምወደው ክፍል ነው። የሰርቨሩን የኔትወርክ ትራፊክ ግራፍ ተመለከተ። 250 ጊጋባይት ከአንድ ማሽን ሲወጣ ግራፉ ላይ ተራራ ሆኖ ይታያል። በኋላ መረጃው ሲመለስና ወደ ተከታዮቹ ሰርቨሮች ሲባዛ ይህ ተራራ በግልጽ ታይቷል። ስርቆቱ ተፈጸመ በተባለበት ሰዓት ግን የነበረው የተለመደው እንቅስቃሴ ብቻ ነው። የሞንጎዲቢ የግንኙነት መዝገብም ይህንኑ አረጋገጠ። ከውጭ የመጣው ግንኙነት አጭር ነበር። ገባ፣ ሰረዘ፣ መልእክቱን ጥሎ ወጣ። ሌባው እጁ ላይ ምንም አልነበረውም። ገንዘቡ ቢከፈል ኖሮ ጠፍቶ ይቀር ነበር።

የትራፊክ ግራፍ ብዙ ሰው ሲያማርጥ የሚተወው ነገር ነው። ሰርቨሩ ሲዘገይ ብቻ የሚታይ አድርገን እናስበዋለን። እዚህ ግን ለተጠቃሚዎች «መረጃችሁ አልወጣም» ለማለት ያስቻለው እሱ ነው። ግራፉና መዝገቡ ባይኖሩ ኖሮ መልሱ ግምት ብቻ በሆነ ነበር።

መረጃው የተመለሰው ተዘግቶ ከተቀመጠው የድሮ ሰርቨር ነው። እዚህም ጥንቃቄ ያሻል። ከተባዛ ዳታቤዝ ውስጥ የወጣ ማሽን ተነስቶ ከጓደኞቹ ጋር ከተገናኘ፣ እሱ ሳይኖር የተደረገውን ሁሉ ሊቀዳ ይሞክራል። የመሰረዙ ትእዛዝም ከሚቀዳው ውስጥ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማሽን መጀመሪያ የዲስኩ ቅጂ ይወሰድለታል፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ ይነሳል፣ ውስጡ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ነው አዲስ ዋና የሚሆነው። ማባዛት መጠባበቂያ አይደለም የሚባለውም ለዚህ ነው። ስሕተቱንም ጥፋቱንም በሰከንዶች ውስጥ አብሮ ያባዛል።

ፋየርዎሉ ለምን አላየውም?

ሙሉ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ከውጭ የመጣ ፓኬት (በኔትወርክ የሚጓዝ የመረጃ ቁራጭ) ሲቀበል መጀመሪያ ፕሪራውቲንግ በሚባል ደረጃ ያሳልፈዋል። እዚያ የፓኬቱ መድረሻ አድራሻ ሊቀየር ይችላል። ቀጥሎ ከርነሉ ፓኬቱ ለዚህ ማሽን ነው ወይስ ለሌላ ብሎ ይለያል። ለራሱ ከሆነ ኢንፑት ወደሚባለው የደንብ ሰንሰለት ይልከዋል። ለሌላ ከሆነ ፎርዋርድ ወደሚባለው ይሄዳል። ሁለቱ ሰንሰለቶች የተለያዩ ናቸው። አንዱን ያለፈ ፓኬት ሌላውን አይነካም።

በዩኤፍደብሊው «ይህን ፍቀድ፣ ያንን ከልክል» ስትሉ የምትጽፉት ደንብ የሚገባው ኢንፑት ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ለተጫነ ሞንጎዲቢ ይህ በቂ ነው። ፓኬቱ ለማሽኑ ለራሱ ስለመጣ ኢንፑት ላይ ይያዛል።

ዶከር ሲመጣ መንገዱ ይቀየራል። ኮንቴይነር የራሱ የውስጥ አይፒ አድራሻ አለው፤ ለምሳሌ 172.17.0.2። ኮምፖዝ ፋይል ላይ በፖርቶች ሥር «27017:27017» ብላችሁ ስትጽፉ ዶከር በራሱ ሥልጣን አይፒቴብልስ (እነዚህ የከርነል ደንቦች የሚጻፉበት መሣሪያ) ውስጥ ደንብ ይጨምራል። ደንቡ ፕሪራውቲንግ ላይ ተቀምጦ በ27017 የመጣውን ሁሉ መድረሻውን ወደ ኮንቴይነሩ አድራሻ ይለውጠዋል። መድረሻው ስለተለወጠ ከርነሉ ፓኬቱን የሌላ ማሽን አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ ወደ ፎርዋርድ ይልከዋል። ፎርዋርድ ላይ ደግሞ የዶከር ደንቦች ከዩኤፍደብሊው ደንቦች ቀድመው ተቀምጠዋል፤ ያሳልፉታል። ኢንፑት ውስጥ ያለው ክልከላ ፓኬቱን ጨርሶ አያገኘውም። ዘበኛው በዋናው በር ላይ ነቅቶ ቆሟል፤ እንግዳው ግን ከግቢው ሳይገባ በአጥሩ ጥግ ወደ ጎረቤት ቤት ተመርቷል።

በጣም የሚያሳስበው የዩኤፍደብሊው ሪፖርት ነው። የፋየርዎሉን ሁኔታ ስትጠይቁት «በሥራ ላይ ነው» ይላችኋል። 27017 ለሌላ ሰው አልተፈቀደም ብሎ ያሳያል። አልዋሸም። የሚያሳየው እሱ ራሱ የጻፋቸውን ደንቦች ነው። ዶከር የጻፈውን አያውቅም። እውነቱን ለማየት አይፒቴብልስን በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ክሌይም የጠየቀው በዚያ መንገድ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ 27017ን ሲፈልግ ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖ አገኘው።

ይህ ባሕርይ አዲስ አልነበረም። ከ2014 ጀምሮ ሰዎች ቅሬታ ሲያቀርቡበት ቆይተዋል። ክሌይ የጠየቀው ነገርም ልከኛ ነው። ዩኤፍደብሊው የከለከለውን ፖርት ዶከር ሊከፍት ሲል ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ያሳይ ነው ያለው። እኔም እስማማለሁ። የዶከር ሰነድ ሁለቱ እርስ በርስ እንደማይጣጣሙ ይናገራል። ግን ሰነዱን የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ ችግር የደረሰበት ሰው ነው። ፋየርዎል ያበራ ሰው ፍላጎቱን በግልጽ ተናግሯል። ያንን ፍላጎት በዝምታ የሚሽር መሣሪያ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ መጻፍ አይከብደውም።

አንድ ስሕተት ብቻ አልነበረም

ፋየርዎሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ እዚህ ባልደረሰ ነበር። ሁለት ሌሎች መከላከያዎችም በዚያው ቀን በቦታቸው አልነበሩም።

የመጀመሪያውን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በ2016 መጨረሻና በ2017 መጀመሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ክፍት የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች በተመሳሳይ መንገድ ተሰርዘው ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል። ከዚያ በኋላ በ2017 የወጣው 3.6 ስሪት፣ ሌላ ነገር ካልተባለ በስተቀር፣ ከማሽኑ ውጭ የሚመጣን ግንኙነት እንዳይሰማ ሆኖ ተሠራ። ጥሩ ለውጥ ነው። ግን ኮንቴይነር ውስጥ አይሠራም። 127.0.0.1 ማሽን ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው፤ ኮንቴይነር ውስጥ ሲሆን ኮንቴይነሩ ራሱ ማለት ነው። ሞንጎዲቢ እሱን ብቻ ቢሰማ አጠገቡ ያለው የአፕሊኬሽን ኮንቴይነር እንኳን ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ ይፋዊው የሞንጎዲቢ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ዝግጁ ጥቅል) ሲነሳ ይህን ጥበቃ አንስቶ ሁሉንም አድራሻ እንዲሰማ ያደርገዋል። የሬዲስ ኢሜጅም ተመሳሳይ ነው። ሬዲስ ያለ ይለፍ ቃል ከውጭ እንዳይነካ የሚያደርገው ጥበቃ በኢሜጁ ውስጥ ተነስቶ ይመጣል። ኢሜጆቹን የሠሩት ሰዎች አልተሳሳቱም። የዶከር ውስጣዊ ኔትወርክ በራሱ ይከልላል ብለው ነው የተነሱት። ፖርቱን ፐብሊሽ ስታደርጉ፣ ማለትም ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ጽፋችሁ ወደ ውጭ ስታወጡት፣ ግን ይህ መነሻ ይፈርሳል።

ሁለተኛው ይለፍ ቃል ነው። ዳታቤዙ ከውጭ የመጣውን እንግዳ ማንነቱን አልጠየቀውም። ፋየርዎል ላይ ሙሉ እምነት ሲጣል የዳታቤዝ ይለፍ ቃል ተጨማሪ ጣጣ ይመስላል። እኔ በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ዳታቤዝ የትም ይቀመጥ፣ ምን ያህል ኮንቴይነር ውስጥ ይደበቅ፣ ይለፍ ቃል ሊኖረው ይገባል። የሞንጎዲቢ ኢሜጅ የአስተዳዳሪ ስምና ይለፍ ቃል በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ሲነሳ በሚሰጠው ማስተካከያ) ካልሰጣችሁት ያለ ምንም ጥያቄ ይነሳል። የፖስትግሬስ ኢሜጅ ግን ይለፍ ቃል ካልተሰጠው አልነሳም ይላል። የሁለተኛው ምርጫ ትክክል ነው።

ስለዚህ ያን ቀን ሦስት ነገሮች ገጠሙ። ሶፍትዌሩ ሁሉን ይሰማ ነበር፣ ፋየርዎሉ አያየውም ነበር፣ መግቢያው ላይ ጠያቂ አልነበረም። አንዳቸው ብቻ በቦታቸው ቢሆኑ ኖሮ ፕሮግራሙ ነካክቶ ያልፍ ነበር።

ስለ ፕሮክሲውስ?

በኒውስብለር የተጎዳው ዳታቤዝ ነው። ተመሳሳዩ ቀዳዳ ግን አፕሊኬሽኑን ከፕሮክሲው ጀርባ ያወጣዋል። ይህኛው መረጃ ስለማይሰርዝ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ጉኒኮርን (የጃንጎ አፕሊኬሽንን የሚያስኬድ ሰርቨር) በ8000 ላይ ይሠራል እንበል። ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ «8000:8000» ተጽፏል። ኢንጂንኤክስ ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ተጭኖ ወደ 8000 ይልካል። ሁሉም ነገር ይሠራል። ሌትስ ኢንክሪፕት የምስጠራ ሰርተፍኬት ሰጥቷል፣ ድረ ገጹም በተመሰጠረ ግንኙነት ይከፈታል። ነገር ግን የሰርቨሩን አይፒ የሚያውቅ ሰው 8000ን ጨምሮ ቢጽፍ በቀጥታ ጉኒኮርን ጋ ይደርሳል። ኢንጂንኤክስ ላይ የጻፋችሁት የጥያቄ ብዛት ገደብ አይመለከተውም። የአስተዳዳሪውን ገጽ በአይፒ ከልክላችሁ ከሆነ እሱም አይመለከተውም። ምስጠራውም የለም።

ከዚህ የሚብሰው የሄደሮች (ከጥያቄው ጋር የሚላኩ ተጨማሪ መረጃዎች) ጉዳይ ነው። አፕሊኬሽኑ ከፕሮክሲ ጀርባ ሲሆን የጎብኚውን እውነተኛ አይፒ የሚያውቀው ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር ከሚባለው ሄደር ነው። ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን የሚያውቀው ከኤክስ-ፎርዋርድድ-ፕሮቶ ነው። ጃንጎ ውስጥ «ይህ ሄደር እንዲህ ካለ ግንኙነቱ አስተማማኝ ነው» ብላችሁ ታስተካክላላችሁ። ይህ የሚሠራው ሄደሩን የሚጽፈው ፕሮክሲው ብቻ ከሆነ ነው። 8000 ላይ በቀጥታ የመጣ ሰው የፈለገውን አይፒ ጽፎ ሊልክ ይችላል። በአይፒ የሚሠራ እገዳ፣ የመግቢያ ሙከራ ቆጠራ፣ የኦዲት መዝገብ ሁሉ ጎብኚው የነገራቸውን አምነው ይጽፋሉ።

ምን ይደረግ?

ሁሉም ነገር አንድ ማሽን ላይ ካለ መልሱ ቀላል ነው። ከፕሮክሲው በቀር ማንም ፖርት ፐብሊሽ አያድርግ። ኮንቴይነሮች በአንድ የዶከር ኔትወርክ ውስጥ ካሉ ምንም ፖርት ሳይወጣ በስማቸው ይገናኛሉ። ዶከር ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉም የራሱ የውስጥ ዲኤንኤስ አለው። ፕሮክሲው 80 እና 443ን ብቻ ያወጣል። ኔትወርኩን ለሁለት መክፈል ደግሞ የበለጠ ነው። ፕሮክሲውና አፕሊኬሽኑ በአንዱ፣ አፕሊኬሽኑና ዳታቤዙ በሌላው። ሁለተኛውን ኢንተርናል ብላችሁ ምልክት ካደረጋችሁበት ወደ ውጭ የሚወስድ መንገድ አይኖረውም። ፕሮክሲው ቢጠቃ እንኳን ዳታቤዙ ያለበት ኔትወርክ ውስጥ የለም።

ኢንጂንኤክስ ከዶከር ውጭ ሰርቨሩ ላይ ከተጫነ «127.0.0.1:8000:8000» ብላችሁ ጻፉ። ፊት ላይ ያለችው አድራሻ ፖርቱን ከማሽኑ ውስጥ ብቻ እንዲደረስበት ታደርጋለች። ይህችን አድራሻ ካልጻፋችሁ ዶከር 0.0.0.0 ብሎ ይወስደዋል፤ ያም ማለት ሁሉም ሰው ነው። በአይፒቪ6ም ጭምር። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከዶከር 28.0 በፊት ባሉ ስሪቶች በ127.0.0.1 የታሰረ ፖርትንም በዚያው ሎካል ኔትወርክ ላይ ያለ ሌላ ማሽን ሊደርስበት ይችል ነበር። በ2025 መጀመሪያ የወጣው 28 ይህን ዘግቶታል። የድሮ ስሪት የምታስኬዱ ካላችሁ አሻሽሉ።

ከላፕቶፓችሁ ሆናችሁ ዳታቤዙን ማየት ስትፈልጉ ፖርቱን መክፈት አያስፈልግም። የኤስኤስኤች ቶነል (ወደ ሰርቨሩ በተመሰጠረ ግንኙነት የሚያልፍ መንገድ) በ127.0.0.1 የታሰረውን ፖርት ወደናንተ ማሽን ያመጣዋል። ብዙ ፖርት ተከፍቶ የሚቀረው «ለአሁኑ ብቻ» ተብሎ ነው።

ሰዎች ወደ ፐብሊሽ የሚመለሱበት ሌላም ምክንያት አለ። ኢንጂንኤክስ የኮንቴይነሩን ስም ወደ አይፒ የሚተረጉመው ሲነሳ ነው። አፕሊኬሽኑን አዲስ ስሪት ስትጭኑ ኮንቴይነሩ እንደገና ተፈጥሮ አይፒው ሊቀየር ይችላል። ኢንጂንኤክስ የድሮውን አይፒ ይዞ ይቀርና 502 የሚባለውን ስሕተት ያሳያል። እኩለ ሌሊት ላይ ይህ ሲሆን ፖርቱን አውጥቶ በቋሚ አድራሻ መላክ ያጓጓል። ትክክለኛው መፍትሔ ከአዲሱ ስሪት በኋላ ኢንጂንኤክስን ሪሎድ ማድረግ ነው። ወይም ደግሞ 127.0.0.11 ላይ ያለውን የዶከር ዲኤንኤስ በሪዞልቨርነት ሰጥቶ የኮንቴይነሩን ስም በቫሪያብል መጻፍ ነው።

የኒውስብለር ዓይነት ሁኔታ፣ ዳታቤዙ በሌላ ማሽን ላይ ሲሆን፣ ከባዱ ነው። «ፐብሊሽ አታድርጉ» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። ሌሎቹ ሰርቨሮች ሊደርሱበት ይገባል። መጀመሪያ የሚታሰበው የግል ኔትወርክ ነው። አብዛኞቹ የክላውድ አቅራቢዎች ሰርቨሮቻችሁ ብቻ የሚገናኙበት የውስጥ ኔትወርክ ይሰጣሉ። ፖርቱን በዚያ አድራሻ ላይ ታስሩታላችሁ፤ «10.0.0.5:27017:27017» እንደማለት። በይፋዊው አይፒ ላይ 27017 አይኖርም። ከዚህ በላይ የአቅራቢውን ፋየርዎል አብሩ። እሱ ከማሽኑ ውጭ ስለሆነ ዶከር ሊነካው አይችልም። አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

አቅራቢው እንዲህ ያለ ፋየርዎል ከሌለው ዶከር-ዩዘር የሚባለው ሰንሰለት አለ። ዶከር ራሱ ከደንቦቹ በፊት የሚያየው፣ ለእናንተ የተተወ ቦታ ነው። ሁለት ነገር ግን ያሳስታል። ፓኬቱ እዚያ ሲደርስ መድረሻው ተቀይሯል። ስለዚህ «8080:80» ብላችሁ ከሆነ በ8080 ብትከለክሉ አይሠራም፤ የሚታየው 80 ነው። የመጀመሪያውን ፖርት ለማግኘት ኮንትራክ በሚባለው ሞጁል መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌላው ደግሞ ደንቡን ወደ ውጭ በሚያየው የኔትወርክ ካርድ ላይ ብቻ መገደብ ነው። አለዚያ ኮንቴይነሮቹ ራሳቸው ወደ ኢንተርኔት የሚወጡበትን ትዘጋላችሁ።

አንድ የተለመደ ምክር ላይ ግን አልስማማም። «ዶከር አይፒቴብልስን እንዳይነካ ከልክሉት» ይባላል። ማስተካከያው አለ፤ አንድ መስመር ነው። ነገር ግን ያን ስታደርጉ ኮንቴይነሮች ወደ ውጭ የሚወጡበት የአድራሻ ትርጉምም አብሮ ይቀራል። አፕሊኬሽኑ ኢሜይል መላክ ያቅተዋል፣ የክፍያ አገልግሎት ጋ መድረስ ያቅተዋል። ፖርት ፐብሊሽ ያደረገ ኮንቴይነርም ጎብኚውን ሁሉ ከዶከር መግቢያ አድራሻ እንደመጣ አድርጎ ሊያይ ይችላል። ቀዳዳውን ዘጋሁ ብሎ ሌላ ችግር መፍጠር ነው።

እየሠራ ያለ ሰርቨር ያላችሁ ሰዎች ከየት ልትጀምሩ እንደምትችሉ ልንገራችሁ። የሚሠሩትን ኮንቴይነሮች ዝርዝር አውጡ። በፖርት ዓምዱ ላይ 0.0.0.0 ያለበትን ሁሉ ፈልጉ። ከ80 እና ከ443 ውጭ የሆነ ካለ ምክንያቱን ጠይቁ። ቀጥሎ ከሰርቨሩ ወጥታችሁ፣ ከሌላ ኔትወርክ፣ ክፍት ፖርቶችን በሚፈልገው ኤንማፕ አይፒውን ቃኙ። በሁሉም ፖርቶች ላይ ይሁን፤ ኤንማፕ ካልተነገረው የሚያየው የተለመዱትን 1,000 ብቻ ነው፣ 27017ን የመሰለ ፖርት ደግሞ ሊያመልጠው ይችላል። አይፒቪ6 ካላችሁ እሱንም ለብቻው ቃኙ። ከውስጥ የሚደረግ ፍተሻ እዚህ ዋጋ የለውም፤ ኒውስብለርም ከውስጥ ሲታይ ፋየርዎሉ ይሠራ ነበር።

ኮምፖዝ ፋይሉን ስታስተካክሉ ኮንቴይነሩን ሪስታርት ማድረግ ብቻ አይበቃም። የፖርት ለውጥ የሚገባው ኮንቴይነሩ እንደገና ሲፈጠር ነው። ስለዚህ ኮምፖዝ አፕ በሉ፣ ኢንጂንኤክስን ሪሎድ አድርጉ፣ ከዚያ ከውጭ እንደገና ቃኙ።